በጃፓን አገር ያየነው የነሐሴ በዓል

በእኛ አገር ነሐሴ ሲገባ ሰማዩ ጠቍሮ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ተማሪ ቤቱ ተዘግቶ ይገኛል፤ ቤተ ክርስቲያኑም የፍልሰታን ሱባዔ ለመያዝ በመጣ ምእመን ይሞላል። በጃፓን አገር ግን ወሩ የሐሩር ወር ነው። የእነርሱ ዝናም በሰኔ ይጀምርና በሐምሌ አጋማሽ ገደማ ያባራል፤ ከዚያ በኋላ የፀሐዩ ትኵሳትና የባሕሩ ወበቅ ተባብረው ሰውን ሌሊት እንኳ እንቅልፍ ይነሡታል። ሕዝቡ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚናፍቀው ይህንኑ ወራት ነው፤ «ማትሱሪ» ከሚሉት በዓላቸው እጅግ የደመቀው የሚውለው በዚሁ ጊዜ ነውና።

እኛ ወደዚያ አገር የሄድነው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ለማስተማር ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ተልከው ጃፓንን ጐብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈውልናልና፣ አገሩን ከልጅነታችን ጀምሮ በስሙ እናውቀው ነበር። እርሳቸው ግን የንጉሠ ነገሥት መልእክተኛ ነበሩ፤ እኛ ደግሞ በልጅነት ድቁና ተቀብለን፣ ኋላም በዘመናዊ ተማሪ ቤት ሠልጥነን፣ ዐርባ ዓመት ካለፈን በኋላ ጠመኔ ይዘን የሄድን መምህር ነን። ስለዚህ ያየነው ቤተ መንግሥትና ፋብሪካ ሳይሆን፣ በሚያጊ አውራጃ፣ ከሴንዳይ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ የምትገኝ አንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። የምንናገረውም ስለ 2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። የጃፓንን ታሪክ ስናነሣ ግን ዘመኑን በኤውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ያ ክረምት ለእነርሱም ለእኛም እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ከ2020 ጀምሮ በወረርሽኙ ምክንያት በዓሉ ሁሉ ተቋርጦ፣ ቀጥሎም በከፊል ብቻ ሲከበር ቈይቶ ነበር፤ በሙሉ ሥርዐቱ የተመለሰው በዚያ ዓመት ነው። እኛም በመጋቢት ወር እናታችን ዐርፋ ለቀብሯ አልደረስንም። ዐርባዋን ወንድሞቻችን አወጡ፤ የጸሎተ ፍትሐቱን ድምፅ በስልክ ሰማን።

በሐምሌ ወር ማታ ማታ ከበሮ ይሰማ ጀመር። ድምፁን ተከትለን ብንሄድ መረብ በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ሕፃናት ተሰብስበው አንድ ሽማግሌ ሲያስተምሯቸው አገኘን። ሕፃናቱ ከበሮውን የሚመቱት በእጅ ሳይሆን በዱላ ነው፤ ነገር ግን ምቱን አስቀድመው በአፋቸው ሳያጠኑ ዱላውን አያነሡም። «ዶን ዶን፣ ካ ካ» እያሉ በቃላቸው ይደግማሉ፤ የሳተውን ሽማግሌው ከመጀመሪያው ያስደግሙታል። የዜማ ቤት ተማሪ የነበረ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ምን እንደሚለው አንባቢ ያውቃል። ከሁሉም ይልቅ ያስደነቀን ግን በእኛ ክፍል ውስጥ ስሙን እንኳ በእንግሊዝኛ ለመናገር አንገቱን የሚደፋው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። በዚያ ቦታ ዋሽንት ነፊው እርሱ ነበር፤ ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጡት ከበሮ መቺዎች የእርሱን ዐይን እያዩ ይነሣሉ፤ የእርሱን ዐይን እያዩ ያቆማሉ። አራት ወር ሙሉ ይህን ልጅ ሰነፍ ነው ብለን መዝግበነው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በየመንደሩ የሺንቶ ሃይማኖት ቤተ ጸሎት አለ፤ በበዓሉ ቀን «ካሚ» የሚሉት መንፈስ ከቤተ ጸሎቱ ወጥቶ መንደሩን ይጐበኛል ብለው ያምናሉ። የሚወጣበትም «ሚኮሺ» የሚባል፣ በወርቅ ቀለም ያጌጠ፣ በረጃጅም እንጨቶች ላይ የታሰረ ትንሽ ቤት ነው። በአቅራቢያችን ባለችው በሺዮጋማ ከተማ ይህን ተሸክመው 202 የድንጋይ ደረጃ ይወርዳሉ፤ ከዚያም በመርከብ አሳፍረው የወደቡን ባሕር ያዞሩታል፤ ይህ የባሕር ላይ በዓል ከ1948 ጀምሮ የሚከበር ነው። ከሩቅ ለሚያይ ኢትዮጵያዊ ጥምቀት መስሎ ይታየዋል፤ እኛም መጀመሪያ ስናይ ደንግጠን ቆመናል። ሲቀርቡት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ታቦት በካህን ራስ ላይ በዝግታና በፍርሃት ይሄዳል፤ ሚኮሺን ግን ተራው ሰው በትከሻው ተሸክሞ፣ «ዋሾይ፣ ዋሾይ» እያለ ሆን ብሎ ያናውጠዋል። በመናወጡ የካሚው ኀይል ይነቃል ይላሉ። ሰልፍ ከሰልፍ ቢመሳሰልም የሚከተሉት አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ሳይለዩ «ሁሉም አንድ ነው» እያሉ የሚጽፉ መንገደኞች ብዙ ናቸው።

ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት የመንደሩ ማኅበር ሹም ወደ ቤታችን መጡ። ይህ ማኅበር በእኛ እድር ሊመሰል የሚችል ነው፤ ስለዚህ ሰውዬውን ዳኛው እንበላቸው። የዚያ ዋሽንት ነፊ ልጅ አያት ናቸው። አጭር ሰማያዊ የበዓል ካባና ነጭ ፎጣ አጣጥፈው በሁለት እጃቸው አቀረቡልን። ነገሩን ያስረዳን ልጁ ነው፤ በዚያች ሌሊት የተናገረው እንግሊዝኛ በክፍል ውስጥ በአራት ወር ከተናገረው ይበልጥ ነበር። በ2011 ማርች 11 ቀን ባሕሩ ተነሥቶ መንደሩን ካጠፋው ወዲህ ብዙው ሰው ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዶ ቀርቷል፤ ጕልማሳ የለም። ሚኮሺው ሠላሳ ትከሻ ይፈልጋል፤ ያገኙት ሃያ አንድ ነው። «መምህሩ ረዥምና ጠንካራ ነህና እርዳን» ነው ነገሩ።

አንድ ሌሊት ጠየቅን። ሌሊቱም ቀላል አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ቋንቋቸውን ሳናውቅ ተቀብለውናል፤ ስንታመም ሾርባ አምጥተውልናል፤ ቤታችንን ሲያንኳኩ አንድም ቀን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ጉዳያቸውም የሃይማኖት ብቻ እንዳልሆነ፣ የመንደሩ ሕይወት እንደ ሆነ ተረድተናል። ነገር ግን ከልጅነታችን ጀምሮ በታቦት ፊት መስቀልና ጥላ የያዘ ሰው፣ ሌላ መንፈስ ያድርበታል ለሚሉት ነገር ትከሻውን ቢሰጥ፣ ለጨዋነት ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል አይችልም። ሲነጋ ሄደን በልጁ አፍ እንቢታችንን ተናገርን። ልጁ ቃላችንን ሲተረጕም ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው የትርጕም ሥራ ለአያቱ እንቢ ማለት ሆነበት።

ዳኛው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ካባውን መልሰው አልወሰዱም። «ውኃ የሚያቀብል ሰውም ጐድሎናል» አሉ።

ውኃ ማቅረብስ? ይህንንም አሰብንበት። የተጠማን ማጠጣት ግን ከየትኛውም በዓል በፊት የታዘዝነው ነው ብለን ተቀበልን። በሐምሌ 23 ቀን፣ በእኛ ቍጥር በጊዮርጊስ ዕለት፣ በሌሊት ተነሥተን ከሴቶቹ ጋራ መንገድ ጠረግን፤ ወንበር ተሸከምን፤ ቀኑን ሙሉ በባልዲ በረዶና ውኃ ይዘን ከሰልፉ ጐን ሮጥን። ወደ ቤተ ጸሎቱ የሚያስገባው በር ሲደርስ ግን ቆመን ቀረን። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ የግራው ወገን ዘመመ፤ ሰው አነሰው። በዚያን ጊዜ ከሰባ ዓመት ያለፉ አንድ አዛውንት ከተመልካቹ መካከል ወጥተው ከእንጨቱ ሥር ገቡ። የገቡበት ቦታ የእኛ ቦታ እንደ ነበረ ማንም አልነገረንም፤ ነገር ግን እናውቃለን። ማታ ትከሻቸው ጠቍሮ አየነው። ውሳኔያችን ስሕተት ነበር ብለን አናምንም፤ ይሁን እንጂ ያ ትከሻ ከዐይናችን አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን በመንገድ ሰላምታ የነፈጉን ሰዎች ነበሩ፤ አልፈረድንባቸውም።

ይህን ሸክም በልባችን ይዘን በሐምሌ 30 ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ ወደ ሴንዳይ ወረድን። በዚያ የኦርቶዶክስ ካቴድራል አለ። ከኬልቄዶን ጉባኤ፣ ከ451 ወዲህ ከእነርሱ ጋራ በቍርባን አንለያይም ማለት አይቻልምና፣ ከኋላ ቆመን ጸለይን እንጂ አልቈረብንም። የጃፓን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን ለሁላችንም የሚነገር ነው። በ1861 ሐኮዳቴ ከሚባለው ወደብ የደረሱት ሩሲያዊው መነኵሴ ኒኮላይ መጀመሪያ ካጠመቋቸው ሰዎች አንዱ፣ ሊገድላቸው መጥቶ የነበረ ሳዋቤ የተባለ የሺንቶ ካህን ነው። በ1868 ጳውሎስ ተብሎ ተጠመቀ፤ በ1875ም ቅስና ተቀበለ። የጥንት መንግሥታቸው የክርስትናን ሃይማኖት የከለከለበት ዐዋጅ ከየአደባባዩ የተነሣው በ1873 ነው፤ እርሱ የተጠመቀው ከዚያ በፊት ነበርና እስራትና መከራ ደርሶበታል። ሚኮሺን ከውስጥ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ከነበረ እርሱ ነበር።

ከቅዳሴው በኋላ ሻይ ሲቀርብ አንዲት አሮጊት ምእመን አጠገባችን ተቀመጡ። እንግሊዝኛ ያውቃሉ። ያጋጠመንን ብንነግራቸው ፈገግ ብለው፣ «በእኛ ቤት ይህ ጥያቄ አራት ትውልድ አስቈጥሯል» አሉን። አባታቸው በበዓል ቀን መንገድ ይጠርጉ ነበር፤ ለተሸካሚዎቹ ምሳ የሚሆን ሩዝም ይሰጡ ነበር፤ ራሳቸውን ግን ለሚኮሺው ዝቅ አያደርጉም። ወንድማቸው ደግሞ «የከተማው ጉዳይ ነው» ብሎ ተሸከመ፤ አባቱም አንድ ዓመት ሙሉ ከእርሱ ጋራ በአንድ ገበታ አልበሉም። «ታዲያ ትክክለኛው ማን ነበር?» ብለን ጠየቅን። አሮጊቷ ግን ሻያችንን ሞልተው ስለ አገራችን ቡና ይጠይቁን ጀመር።

ከዚያ ወጥተን ታናባታ ወደሚባለው በዓል ሄድን። ይህ በዓል በሴንዳይ ከሐምሌ 30 እስከ ነሐሴ 2፣ በእነርሱ ከኦገስት 6 እስከ 8 ይከበራል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን፣ በሰማይ ወንዝ ማዶ ለማዶ ሆነው ስለሚገናኙ ሁለት ኮከቦች የሚነገር ጥንታዊ ተረት አለ። ታዲያ ለምን በስምንተኛው ወር ይከበራል ቢሉ፣ ጃፓን በ1873 የቀድሞ አቈጣጠሯን ትታ የኤውሮፓን ስለ ያዘች፣ ሴንዳይ ደግሞ በዓሏ ከጥንቱ ወቅት እንዳይርቅ አንድ ወር ወደ ኋላ ስለ ገፋችው ነው። የራሱን አቈጣጠር እስከ ዛሬ ጠብቆ ለሚኖር ሕዝብ ይህ ጉዳይ እንግዳ አይሆንበትም።

መንገዱ በጠቅላላው ከረጃጅም ቀርቀሃ ላይ በተንጠለጠለ ባለ ቀለም ወረቀት ተሸፍኗል፤ ሰው የሚሄደው ወረቀቱን እንደ መጋረጃ በእጁ እየገለጠ ነው። ጌጦቹ ሰባት ዐይነት ናቸው፤ እያንዳንዱም ትርጕም አለው። ስለ ትምህርትና ስለ እጅ ጽሕፈት መሻሻል የሚለመንበት ብጣሽ ወረቀት አለ፤ ከበሽታ ይጠብቃል፣ የስፌትንም ሙያ ያሻሽላል የሚባል የወረቀት ቀሚስ አለ፤ ለረዥም ዕድሜ ሽመላ የመሰለ ወፍ፣ ለቍጠባ ከረጢት፣ ለዓሣ አጥማጁ መረብ፣ የሸማኔውን ድር የሚመስል ረዥም ዘርፍ አለ። ሰባተኛው ግን የቆሻሻ ቅርጫት ነው። ሌሎቹ ስድስቱ ሲሠሩ የተረፈው ቍርጥራጭ በዚህ የወረቀት ቅርጫት ውስጥ ተሰብስቦ ከእነርሱ ጋራ እኩል ይሰቀላል፤ ንጽሕናንና ቍጠባን ያስተምራል። በሃያ ዓመት የመምህርነት ሥራችን ከዚህ የተሻለ የግብረ ገብ ትምህርት አላየንም። ከተማዪቱ በ1945 ጁላይ 10 ቀን በአውሮፕላን ቦምብ ተቃጥላ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1946፣ ነጋዴዎቹ በፍርስራሹ መካከል 52 ቀርቀሃ ተክለው በዓሉን እንደ ጀመሩት ይነገራል። በ2011ም ከባሕሩ ጥፋት አምስት ወር በኋላ አላቋረጡትም።

በማግሥቱ ፍልሰታ ስለሚገባ፣ ሴንዳይ የታወቀችበትን የበሬ ምላስ ጥብስ በልተን ቅበላችንን በዚያ አደረግን። ጥሩ ምግብ ነው።

ጾሙ ግን ችግር አመጣ። በጃፓን የብዙው ወጥ መረቅ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል፤ አታክልት ብቻ ነው ብለው የሚያቀርቡትም ብዙ ጊዜ ዓሣ አለበት። ፍልሰታን ያለ ዓሣ ለሚጾም ሰው ከነጭ ሩዝ በቀር የሚቀር የለም። በበዓሉ ድንኳን የሚሸጠውም ዶሮ በእንጨት የተሰካ፣ ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ በሊጥ የተጠበሰ፣ ይህን የመሰለ ነው። ስድስት ቀን ሩዝና ጨው በላን።

በነሐሴ 7፣ በኦገስት 13 ቀን፣ «ኦቦን» የሚሉት የሙታን በዓል ገባ። በዚህ ቀን የሞቱ ዘመዶች ወደ ቤታቸው ይመጣሉ፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይሸኛሉ ብለው ያምናሉ። ያከራዩን እናት ባለቤታቸውን በዚያ ዓመት ቀብረው ነበርና የመጀመሪያው ኦቦናቸው ነው፤ ለመጀመሪያው ኦቦን በደጅ ነጭ ፋኖስ ይሰቀላል። ማታ ከደጃፋቸው ደረቅ የተልባ እግር የሚመስል ዘንግ አንድደው እንግዳውን በጭሱ ተቀበሉ፤ ቡሄ ከስድስት ቀን በኋላ ነበርና ችቦ ትዝ አለን።

ወደ ውስጥ ጠሩን። በቤት መሠዊያቸው ፊት አራት የእንጨት እግር የተተከለለት ኪያርና እንዲሁ የተሠራ ደበርጃን ቆመዋል። ኪያሩ ፈረስ ነው፤ ሙታን ፈጥነው እንዲመጡ። ደበርጃኑ ላም ነው፤ ሲመለሱ ቀስ ብለው እንዲሄዱ። ሁለት ኪያር ነበረ። «አንዱ የማን ነው?» አልናቸው። «የእናትህ» አሉን።

ጕሮሯችን ተዘጋ። ሚኮሺውን እንቢ ስንል የነበረን ብርታት በዚህ ጊዜ አልነበረም። እናቱን ላልቀበረ ሰው የሌላ አገር ባልቴት ፈረስ ልካለታለች! ሆኖም ዝም ብሎ መቀበልም እርሳቸውን መዋሸት ነውና፣ በምናውቀው ጥቂት ጃፓንኛ፣ «በእኛ እምነት ሙታን ወደ ቤት አይመጡም፤ እኛ እንጸልይላቸዋለን፤ በስማቸውም ድኻ እናበላለን» አልን። እኒህ እናት አልተቀየሙም። ይልቁንም የኦቦንን ምንጭ ነገሩን፤ ሞኩረን የሚባል የቡድሃ ደቀ መዝሙር እናቱ በረኃብ ዓለም ስትሠቃይ አየ፤ በእጁ ሊያጐርሳት ቢሞክር ምግቡ እሳት ሆነባት፤ መነኮሳትን ባበላ ጊዜ ግን ዳነች ይላል መጽሐፋቸው። ከዚያም ወደ ኪያሩ እያዩ፣ «ካልመጣችም አይጎዳትም፤ ፈረሱ ይረፍ» አሉ። ፈረሱ ይነሣልን አላልንም። ወደ ክፍላችን ገብተን ዳዊታችንን ከፍተን ስለ እናታችን ደገምን።

በነሐሴ 9 ማታ የመንደሩ ሰው በተማሪ ቤቱ ሜዳ በከበሮ ዙሪያ ክብ ሠርቶ ይጨፍር ነበር። ዋሽንቱ ከሩቅ ይሰማል። እኛ ከቤት አልወጣንም፤ ባልቴቲቱም በኀዘን ላይ ነበሩና አልወጡም። በር አንኳኵተው፣ «መምህር፣ ሩዝና ጨው ብቻ ስትበላ አያለሁ፤ ለምን?» አሉን። ጾማችንን አስረዳናቸው፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቍላል የለም፣ ዓሣ የለም። ሳቁ። «ታዲያ እኔም እንዲሁ ነኝ» አሉ። ለካ በኦቦን ለሙታን የሚቀርበው ምግብ፣ ሥርዐቱን የሚጠብቅ ቤት ከሆነ፣ ሥጋም ዓሣም የማይገባበት ነው፤ መረቁም ከባሕር ሣርና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል። ለመሠዊያው ካቀረቡት እንዳልሰጡን፣ ለብቻ የሠሩት እንደ ሆነ ሳንጠይቃቸው ነገሩን። የሚያጊ ሰዎች በኦቦን የሚወዱት «ዙንዳ» የሚባል ምግብ አለ፤ እሸት አኩሪ አተር ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በስኳር ተለውሶ በተወቀጠ ሩዝ ላይ ይደረጋል። ቀለሙ እንደ ሣር ለምለም ነው። ሁለት ሳሕን በላን።

በሚቀጥለው ማታ የመሸኛውን እሳት አነደዱ፤ ኪያሮቹንና ደበርጃኑን በወረቀት ጠቅልለው በጓሮ ቀበሯቸው። ጾሙ መቼ እንደሚፈታ ጠየቁን፤ በነሐሴ 16 አልናቸው። በእነርሱ ኦገስት 22 መሆኑን ቈጥረው በወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቀን መቍጠሪያ ላይ ክብ አደረጉበት።

በነሐሴ 16 ጧት፣ ገና ጸሎታችንን ሳንጨርስ፣ በር ተንኳኳ። ዋሽንት ነፊው ልጅ ነበር። በሁለት እጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በዚያች ሌሊት የተያዘ ትልቅ ዓሣ ይዟል። ከባልቴቲቱ የሰማውን ዳኛው ሰምተዋል። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመና ያለ ስሕተት በእንግሊዝኛ፣ «አያቴ ጾሙ አልቋልና ይብሉ ብለዋል። ለሚመጣው ዓመትም ውኃውን እርስዎ ይያዙልን ብለዋል» አለን። ካባው በሚስማር ላይ እንደ ተሰቀለ ነበርና ዐይቶት ሄደ። በርበሬያችን ካለቀ ወር ሆኖት ስለ ነበር ዓሣውን በጨው ብቻ ጠብሰን በላነው፤ ግማሹንም ለባልቴቲቱ ወሰድንላቸው።